እናቴ ከምትረዳት ልጅ ጋር ለጉብኝት ትምጣ ብዬ ነበር፤ የልጅቷ ቪዛ እንዴት ነው የሚሆነው?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነውና ታገሱኝ።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ። ካቻምና ስትሮክ መታት። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፣ ግን ግራ እጇና እግሯ እንደ ድሮው አይታዘዙላትም። ትናገራለች፣ ትቀልዳለች፣ ቡና ላይ ከተቀመጠች ማንንም አታስወራም። ብቻዋን ግን ሽንት ቤት መሄድ አትችልም። አብራት የምትኖር ልጅ አለች፣ ከስትሮኩ በፊት ጀምሮ የነበረች። መድኃኒቷን በሰዓቱ የምትሰጣት፣ የምታጥባት፣ ሌሊት ስትነሳ አብራት የምትነሳው እሷ ናት። እናቴ እኛን ልጆቿን ትታ እሷን ነው የምትሰማው።

ሰኔ ላይ ትልቋ ልጄ ሃይስኩል ትጨርሳለች። እናቴ "ሳልሞት ይቺን ምርቃት ልይ" ብላ ይዛኛለች። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ዜግነት አለኝ። ለአራት አምስት ወር ብትቆይ ደስ ይለኛል። ግን ያለ ልጅቷ አትንቀሳቀስም፤ እኔና ባለቤቴም ሥራ ላይ ነን፣ ማን ያነሳታል ማን ያስቀምጣታል?

ጥያቄዬ፦ ልጅቷም እንደ እናቴ የጉብኝት ቪዛ ነው የምትጠይቀው? የጥሪ ደብዳቤውን ለሁለቱም እኔ ልጻፍ? እግረ መንገዷን ትንንሾቹን ልጆቼንም ትይዝልኛለች፤ ደመወዟን እንደ ወትሮው እኔ እልክላታለሁ። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አቋራጭ22

ቀላል ነው እኮ እህቴ። የአክስቴ ልጅ ናት ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ። የቤት ሠራተኛ የሚል ነገር ፎርሙ ላይ ከገባ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስንት ሰው እንደዚያ አምጥቷል። ብዙ አታወሳስቡት አቦ።

ኬዝ_ጸሐፊ

ወንድሜ አቋራጭ፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር ሰው ያስቀጣል።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ፋይል አዘጋጃለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማየውን ነው የምነግራችሁ። ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ሲላክ በመሐላ እንደተፈረመ ይቆጠራል። እዚያ ላይ "የአክስት ልጅ" ብላ ገብታ የኤምባሲው መስኮት ጋ ስትደርስ "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሏት፣ ወይም ደለስ ኤርፖርት ሻንጣዋን ከፍተው ስልኳ ላይ ስለ ደመወዝ የተጻጻፋችሁትን ሲያዩ፣ ነገሩ የቪዛ መከልከል ብቻ ሆኖ አይቀርም። የማጭበርበር ምልክት ከተደረገባት ዕድሜ ልኳን አሜሪካ እንዳትገባ ሊያግዳት ይችላል። እናትሽም አብረው ዋሽተው ከተገኙ እሳቸውም አይተርፉም። የ76 ዓመት ሴትዮ መስኮት ላይ አቁሞ ማስዋሸት ደግሞ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደስ አይልም።

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ። መንገድ አለ። ቢ-1 እና ቢ-2 የሚባሉት የአጭር ጊዜ ቪዛዎች ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ስለሚታተሙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጣው በቢ-2 ነው፣ እናትሽ እዚያ ውስጥ ናቸው። ልጅቷ ግን ለሥራ ነው የምትመጣው። ለጊዜው ወደ አሜሪካ የሚመጣ የውጭ ዜጋ የራሱን የቤት ሠራተኛ ይዞ ሲመጣ ለሠራተኛዋ ቢ-1 እንዲሰጣት የሚፈቅድ አሠራር አለ። ምግብ አብሳይ፣ ሞግዚት፣ ተከፍሏት ከሰው ጋር የምትሆን አጃቢ ሁሉ እዚህ ይገባሉ።

ግን ሁለት ዓረፍተ ነገርሽ ነገሩን አበላሽቶታል። "ትንንሾቹን ትይዝልኛለች" ያልሽውና "ደመወዟን እኔ እልክላታለሁ" ያልሽው። ቀጣሪዋ እናትሽ መሆን አለባቸው፣ አንቺ አይደለሽም። አንቺ እዚሁ የምትኖሪ ዜጋ ነሽ፤ በዚህ መንገድ ሠራተኛ ማምጣት አትችይም። ግሪን ካርድ ያለውም አይችልም። ልጅቷ እዚህ መጥታ ያንቺን ልጆች ትምህርት ቤት ካደረሰችና ምሳ ካበሰለችላቸው ያንቺ ሠራተኛ ሆነች። ያ ደግሞ ሌላ ቪዛ ነው፣ በዓመታት የሚቆጠር ወረፋ ያለው።

የገርጂዋ

እንዴ! ልጆቹን ያልኩት እንዲያው አብራ ቤት ስለምትሆን ነው እንጂ ለነሱ ብዬ አይደለም የማመጣት። ቁርስ ብትሰጣቸውም ክልክል ነው?

ደመወዙን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ነኝ የምልከው ብዬ የጻፍኩት አንዳንድ ወር ስለምጨምርላት ነው። እናቴ የራሷ ገቢ አላት። ጡረታዋ አለ፣ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎቹን ታከራያለች፣ መንገድ ዳር ያለችውንም ሱቅ። አባቴ ከሞተ በኋላ አዳማ ያለውን ቤት ሸጣ ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብም አለ። ልጅቷን በእጇ የምትከፍላት እሷ ናት።

ኬዝ_ጸሐፊ

አሁን ሌላ ታሪክ ሆነ። ይሄንን ነው መጀመሪያ መናገር።

አንድ ቀን ሻይ አፍልታ ለልጆችሽ ብትሰጥ ማንም አይከሳችሁም። ግን "ለልጆቼም ነው" የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላትሽ ይውጣ። መስኮቱ ላይ እናትሽን "እዚያ ማን ማን አለ?" ይሏቸዋል። "ልጄ፣ ባሏና ሦስት ሕፃናት" ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አንቺው ገምቺው።

የሚፈለገውን ልንገርሽ። ልጅቷ ቢያንስ የአንድ ዓመት የቤት ሠራተኛነት ልምድ ሊኖራት ይገባል። ከእናትሽ ጋር ያላት ሥራ ከማመልከቻው በፊት የነበረ መሆኑ መታየት አለበት። አገር ቤት የምትመለስበት ነገር ያስፈልጋታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውል። በሁለቱም የተፈረመ፣ ቀን ያለው፣ በእንግሊዝኛና ልጅቷ በምትረዳው ቋንቋ የተጻፈ። ሥራዋ ምን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ የእረፍት ቀኗ፣ ስትታመም ምን እንደሚሆን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚከፈላት ይጻፋል። ማደሪያና ምግብ በነፃ። የደርሶ መልስ ትኬት በቀጣሪዋ። ፓስፖርቷ በእጇ ይሆናል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት እንድትቀመጥ አትገደድም፤ ተቀመጪ ከተባለች ይከፈላታል። ለሌላ ሰውም አትሠራም።

ደመወዙ የአሜሪካ ነው፣ የገርጂ አይደለም። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ከ2026 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ዝቅተኛው በሰዓት 12.77 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ በወር ወደ 2,200 ዶላር ይመጣል። በአካባቢው ለዚያ ሥራ የሚከፈለው የተለመደ ዋጋ ከዚህ ከበለጠ ደግሞ የሚታየው የበለጠው ነው። ሜሪላንድ ብትሆኚ 15 ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከስቴቱም ከፍ ያደርገዋል። ዲሲ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወደ 17.95 ከፍ ብሏል።

አቋራጭ22

2,200 ዶላር ለሠራተኛ?? ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ማን ያየዋል። ልጅቷ አገር ቤት 7 ሺህ ብር ነው የምታገኘው፣ ዋሽንግተን ማየቷ አይበቃትም?

ተመላሽ_ከጅዳ

አንተ ሰውዬ አሁንስ አበዛኸው።

እኔ ጅዳ ሰው ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴን ኤርፖርት እንደወረድኩ ነው የተቀበሉኝ። ሄጄ የጠየቅኩት ቀን ሴትዮዋ ሳቀችብኝ፤ "የት ልትሄጂበት ነው?" አለችኝ። ማታ ስድስት ሰዓት ተኝቼ አሥራ አንድ ሰዓት እነሳ ነበር። አርብ እንኳ የኔ ቀን አልነበረም፣ አርብ ዘመዶቻቸው ስለሚመጡ ከሌላው ቀን ይብሳል። እዚያም "አገር አየሽ" ይሉኝ ነበር። አገሩን በወጥ ቤት መስኮት ነው ያየሁት።

እህት የገርጂዋ፣ አንቺን ክፉ ነሽ ማለቴ አይደለም። እናትሽን እንደምትወጂ ያስታውቃል። ግን ይሄን ሁሉ ስታወሩ አንድ ሰው አልተጠየቀም። ልጅቷ መምጣት ትፈልጋለች? እናትሽን ሌሊት የምታነሳው እሷ ናት ብለሻል። ቀንም እሷ፣ ሌሊትም እሷ። እዚያ ቢያንስ እሁድ ቤተክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሰፈር ውስጥ ጓደኛ አላት፣ ሲከፋት ወንድሟ ጋ ትደውላለች። አሌክሳንድሪያ መንገድ አታውቅ፣ ቋንቋ አትችል፣ አውቶቡስ የት እንደሚቆም አታውቅ። ሲደክማት ማንን ነው የምትነግረው? እናትሽን? አንቺን?

የገርጂዋ

ልክ ነሽ እህቴ፣ አልጠየቅኳትም። ነገ እደውላለሁ።

ኬዝ_ጸሐፊ

ተመላሽ ያለችው ከስሜት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ሕጉም እዚያው ነው ያለው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ንግድ መከላከያ ሕጉ ምክንያት ቆንስላው ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች መብታቸውን የሚገልጽ በራሪ ጽሑፍ ይሰጣል፣ በአማርኛም አለ። አንብባ መረዳቷን ይጠይቋታል። እዚያ ላይ የእርዳታ ስልክ አለ፣ 1-888-373-7888፤ ነፃ ነው፣ ቪዛዋ ምንም ይሁን ምን መደወል ትችላለች።

"ወረቀት ላይ ይጻፍ" ለሚለው ወንድማችን ደግሞ አንድ የታወቀ ጉዳይ ላስታውሰው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የህንድ ዲፕሎማት ታስራ ነበር። ለሠራተኛዋ ቪዛ ባቀረበችው ውል ላይ በሰዓት 9.75 ዶላር ተጽፎ፣ በጎን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ትከፍላለች ተብላ ነው የተከሰሰችው። የዲፕሎማት ሠራተኛ ቪዛ ሌላ ዓይነት ነው፤ ግን ነገሩ ያው ነው። ሁለት አገር እስኪኮራረፍ ደርሶ ነበር። እሷ በኋላ ሙሉ ያለመከሰስ መብት ተሰጣት፤ የገርጂ ባለ ሱቅ ግን የላቸውም።

ለንደን_ላይ_ያለችው

እኛ ጋ ለሰው ቤት ሠራተኛ ራሱን የቻለ ቪዛ አለ። ቀጣሪው ለጉብኝት ሲመጣ ሠራተኛውን ይዞ ይመጣል። ዕድሜዋ 19 እና ከዚያ በላይ፣ ከቀጣሪዋ ጋር ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራች፣ ቆይታው ስድስት ወር፣ አይራዘምም። ከ2012 እ.ኤ.አ. በኋላ ቀጣሪ መቀየር ተከልክሎ ነበር፤ በ2016 በስድስት ወሩ ውስጥ መቀየር ተፈቀደ። የምትከፈለውም የአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው።

ወረቀቱ ጥሩ ነው እንግዲህ። ግን በጋ ሲሆን ኤጅዌር ሮድ ብትሄዱ ከባሕረ ሰላጤው ቤተሰቦች ጋር የመጡ የሐበሻ ልጆች ታያላችሁ፣ የልጅ ጋሪ እየገፉ፣ ከቤተሰቡ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ሰላም ስትያቸው ዙሪያቸውን አይተው ነው የሚመልሱልሽ። ስለ መብቷ የተጻፈውን ወረቀት አንብባዋለች ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ እኔ የማይገባኝ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? ልጅቷ ዜግነት አላት። ለእናቷ ግሪን ካርድ ታስወጣላትና ትገላገል። እኔን ልጄ እንደዚያ ነው ያመጣኝ።

ኬዝ_ጸሐፊ

ጋሼ፣ እሱም መንገድ ነው። ግን እናትየው ግሪን ካርድ ካገኙ በዚያው ሰዓት ሠራተኛዋን በቢ-1 የማምጣቱ ነገር ይዘጋል፤ ቋሚ ነዋሪ ይዞ መምጣት አይችልምና። ማመልከቻው ተጀምሮ ሳያልቅ ደግሞ ለጉብኝት ቪዛ ቢቀርቡ "ለጉብኝት ነው የምሄደው፣ እመለሳለሁ" ማለቱ ይከብዳቸዋል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። እሳቸው ለመኖር ነው ወይስ ለምርቃት የሚመጡት?

የገርጂዋ

ለምርቃት ነው። እናቴ ግቢዋን ትታ እዚህ ልትኖር? የሱቁን ኪራይ ራሷ ካልተቀበለች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሌላ ጥያቄ። ልጅቷ በደላላ ነው የመጣችው፣ ተያዥ አላት፣ ውል የሚባል ግን የለንም። በእጅ ነው የምንከፍላት። ዓመት መሥራቷን በምን ላሳይ?

ኬዝ_ጸሐፊ

ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ስለማትሸፈን ውል የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ያለው የተያዥ ወረቀት ነው። እሱም ቢሆን ማስረጃ ነው፣ ቀንና ፊርማ ካለው አትጣሉት። እናትሽ ሆስፒታል ተኝተው በነበረ ጊዜ አስታማሚ ሆና የፈረመችበት ነገር ካለ እሱ ወርቅ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የላካችሁላት ካለ አውጡት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ደመወዟ በባንክ ይግባ፣ ከእናትሽ ሒሳብ ወደ ልጅቷ ሒሳብ፣ ካንቺ አይሁን። የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ካለም የድሮ ቀጣሪዋ የጻፈላት ደብዳቤ።

አይደበቅሽ፣ ከባዱ ነገር የልጅቷ ነው። ወጣት ናት፣ ያላገባች ናት፣ የራሷ ቤት የላትም። ቆንስላው "ትመለሳለች" ብሎ ካላመነ በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214(ለ) ይመልሳታል። ከዚያ በኋላ ምንም ደብዳቤ ብትደረድሪ አይለወጥም፤ እንደገና ከፍሎ እንደገና መቅረብ ነው። ለእያንዳንዳቸው 185 ዶላር ነው፣ ተከለከሉም አልተከለከሉም አይመለስም።

የቦሌ_ሚካኤል_ልጅ

በመሃል ልግባና፣ ቪዛው ሦስት ወር ብቻ ነው የሚሰጠው ሲሉ ሰማሁ። እሷ አምስት ወር ነው የምትለው። ታዲያ እንዴት ነው?

ኬዝ_ጸሐፊ

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይምታታበታል። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የጉብኝት ቪዛ ወደ አንድ መግቢያና ሦስት ወር ወርዷል፤ ድሮ ሁለት ዓመት ነበር። ሦስት ወሩ ግን እስከ መቼ ድረስ ገብተሽ መገኘት እንዳለብሽ ነው የሚነግርሽ። ስንት ጊዜ እንደምትቆዪ የሚወስነው ኤርፖርት ላይ ያለው ኦፊሰር ነው፣ አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ለቢ-2 ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር። ግን አንድ መግቢያ ስለሆነ ወጥቼ በዚያው ቪዛ እንደገና ልግባ ማለት በአብዛኛው የለም። ከመቅረባችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እዩ፣ በዚህ ጊዜ ነገሮች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ።

በዚያው ልጨምር። "80 ዓመት ለሞላው ሰው ኢንተርቪው የለም" የሚባለው ከመስከረም 2 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ከጥቂት የእድሳት ጉዳዮች በቀር ሁሉም ቀርቦ ነው።

ነርስ_ከአርሊንግተን

ሕጉን ለሚያውቁት ልተወውና ስለ እናታችን ልናገር፤ ሥራዬ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ጋር ነው።

መጀመሪያ ሐኪማቸው ለረጅም በረራ ይፈቅዳል ወይ? ደብዳቤ ያጽፉ፣ በእንግሊዝኛ። ትኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይታዘዝ፣ ነፃ ነው። ከበሩ እስከ መቀመጫው የሚያደርሳቸው ሰው ይመደባል። መቀመጫቸው መተላለፊያው ዳር ይሁን፣ ለሽንት ቤት ቅርብ፤ በደካማው እጃቸው በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ተደግፈው እንዲነሱ አስቡበት። መድኃኒቱ በየሣጥኑ እንዳለ፣ ከነማዘዣው፣ በእጅ ቦርሳ። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። ዳይፐር እምቢ ቢሉም ለመንገዱ አስለምዷቸው፤ የኔ እናት "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብላ ተቆጥታ ነበር፣ አየር ላይ ግን አመሰገነችኝ።

ኢንሹራንስ ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። ብዙው የጎብኚ ኢንሹራንስ ከመምጣታቸው በፊት የነበረን በሽታ አይሸፍንም፣ ወይም በጣም ትንሽ ነው የሚሸፍነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ጣሪያው ይወርዳል። ርካሹን ገዝተሽ ድንገተኛ ክፍል ከገቡ ሒሳቡ ያንቺ ነው።

ለምን እዚሁ ሰው አትቀጥሪም? ዲሲ አካባቢ ይሄን ሥራ የሚሠሩት ግማሾቹ የኛ ሰዎች ይመስሉኛል። በኤጀንሲ ከሆነ በሰዓት 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፣ ግን አንቺና ባለቤትሽ ሥራ ላይ ለምትሆኑበት ሰዓት ብቻ። አማርኛ የምትናገር፣ ቡና የምታፈላ፣ ፈቃድ ያላት።

የገርጂዋ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ከልጅቷ ጋር በደንብ አወራን። እናቴ እንዳትሰማ ጓሮ ወጥታ ነው ያናገረችኝ።

መምጣት ትፈልጋለች። ግን ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። "ፓስፖርቴ ማን ጋ ይሆናል?" አለች። ቀጥላ "እሁድ ቅዳሴ መሄድ እችላለሁ ወይ?" ሦስተኛው "ሌሊት እማማን ተራ የሚያነሳቸው ሌላ ሰው ይኖራል?" ተመላሽ ከጅዳ፣ ያልሽውን አንብበሽላት ነበር እንዴ? የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፣ ዘንድሮ ፈተናዋን ጨርሳ ነው መሄድ የምትፈልገው። ያ ራሱ የምትመለስበት ነገር ሊሆን አይችልም?

እናቴም ውሉን እንደምትፈርም ነግራኛለች። "2,200 ዶላር" ስላት ግን "እንዲያውም እኔ ራሴ ሠራተኛ ሆኜ ልምጣ" አለችኝ።

ኬዝ_ጸሐፊ

ሃሃ፣ እናታችን ይሁኑልኝ።

ትምህርቷ ጥሩ ነው፣ የምዝገባ ወረቀቷንና ውጤቷን ትያዝ። በመስከረም የምትቀጥል ከሆነ በተለይ።

ግን ያልነገርኩሽ አንድ ቋጠሮ አለ። በቢ-1 የምትገባ የቤት ሠራተኛ ቪዛው ስላላት ብቻ በነጋታው ሥራ አትጀምርም። እዚህ ገብታ አይ-765 በሚባል ፎርም የሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በወረቀት ሲገባ 520 ዶላር ነው። ሳይጸድቅ ሥራ መጀመር አይፈቀድም። ይሄ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለአምስት ወር ለመጣ ሰው ካርዱ የሚደርሰው ሻንጣ ሲታሰር ነው ማለት ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት ጉዞማ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ቢሮአችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ይሄን ሲሰማ ያፈጥብናል። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።

ገንዘቡ ብር ሆኖ አገር ቤት ስላለ እዚህ በምን መንገድ ይከፈላታል የሚለውን ደግሞ ጠበቃ ይመልስልሽ፤ እኔ አልገምትም።

አቋራጭ22

እኔ ያልኩት ይሻል ነበር ማለት ነው 😂

ተመላሽ_ከጅዳ

አንተ ዝም በል።

የገርጂዋ፣ ሦስተኛውን ጥያቄዋን መልሰሽላታል?

የገርጂዋ

መልሼላታለሁ። ሌሊቱ የኔ ነው አልኳት፤ የምሬን ነው፣ እናቴ ናት። ግን የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ከወንድሜ ጋር ተማክረን ሐሳባችንን ቀየርን። እናቴ የራሷን ቢ-2 ትጠይቃለች። ወንድሜ ቪዛ አለው፣ ድሮ የተሰጠው ስለሆነ ገና አላለቀም፤ እሱ ይዟት ይመጣል። እዚህ ለቀን ሰዓት ነርሷ እንዳለችው ሰው እቀጥራለሁ። አምስት ወሩንም ወደ ሁለት አውርደነዋል፣ ከዚያ በላይ የምከፍልበት የለኝም። ልጅቷ ገርጂ ትቆያለች፣ ግቢውን ትጠብቃለች፣ ደመወዟ አይቋረጥም፣ ፈተናዋንም ትፈተናለች። ስነግራት ዝም አለች፤ ቅር ብሏት ይሁን ደስ ብሏት አላወቅኩም።

ነርስ ከአርሊንግተን፣ የምታውቂያት ሴት ካለች በውስጥ ጻፊልኝ። እናቴ ኩርፊያ ላይ ናት፣ "ያቺን ልጅ ካላመጣሽ አልመጣም" ብላለች፤ እስከ ሰኔ ይበርድላታል።

ነርስ_ከአርሊንግተን

ጽፌልሻለሁ። ከመምጣታቸው በፊት በቪዲዮ አስተዋውቂያቸው፣ ኤርፖርት ላይ አዲስ ፊት እንዳያዩ። የምትረዳቸው ልጅም ታሳያት፤ እንዴት እንደምታነሳቸው፣ ምን ሲባሉ እንደሚናደዱ፣ መድኃኒቱን በምን እንደሚውጡ። ይሄን ከሐኪም ወረቀት አታገኙትም። ለዚያ ሰዓትም ይከፈላት።

የቦሌ_ሚካኤል_ልጅ

ክሩ ሳይዘጋ፦ አባቴ ሹፌር አለው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የኖረ። አባቴ እዚህ መጥቶ ማንም ሌላ ሰው ሲነዳ አያምንም። ሹፌርም በዚህ ይገባል?

ኬዝ_ጸሐፊ

ሹፌርም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ውሉ ያው ነው፣ ደመወዙ ያው ነው፣ የሥራ ፈቃዱም ያው ነው። አባትህ ስንት ጊዜ ሊቆዩ ነው?

የቦሌ_ሚካኤል_ልጅ

ሦስት ሳምንት።

ኬዝ_ጸሐፊ

ኡበር ጫንላቸው።